ስፒከርዎ ከምን ተሠራ?

ለሳሎንዎ ስፒከር ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ ሻጩ ቀድሞ የሚነግርዎ የዋቱን ብዛት ነው። ዋት ግን ስፒከሩ ምን ያህል ኃይል እንደሚሸከም እንጂ ድምፁ ምን ያህል እንደሚጥም አይናገርም። ስለ ጥራቱ ፍንጭ ከፈለጉ የፊቱን መሸፈኛ እንዲያነሳልዎ ይጠይቁትና ኮኑን ይመልከቱ። ኮን የምንለው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ውስጥ የገባውን፣ ሙዚቃ ሲከፈት የሚርገበገበውን ክፍል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከኮኑ ጀርባ በማግኔት መካከል የሽቦ ጥቅል አለ። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ጥቅሉን ወደፊትና ወደኋላ ሲያንቀሳቅሰው ኮኑም አብሮ እየሄደ አየሩን ይገፋል። ጆሯችን የሚሰማው ይህንኑ ነው። ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ይህን አሠራር በ1925 እ.ኤ.አ. ካቀረቡት ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ኮኑ የሚሠራበት ነገር ነው።

ጥሩ ኮን ሦስት ጠባይ ይፈለግበታል፦ ቶሎ እንዲንቀሳቀስና ቶሎ እንዲቆም ቀላል መሆን፣ ሲገፋ እንዳይተጣጠፍ ጠንካራ መሆን፣ የራሱን ድምፅ እንዳይጨምር ንዝረትን ማፈን። ችግሩ ሦስቱ በአንድ ላይ እምብዛም አለመገኘታቸው ነው። የብረት ትሪ በጣትዎ ቢመቱ ያቃጭላል፤ ካርቶን ቢመቱ ግን ወዲያው ዝም ይላል። ትሪው ጠንካራ ነው፣ ካርቶኑ ደግሞ ንዝረት ያፍናል። የኮን ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ማስታረቅ ነው።

ወረቀት። ከሁሉም የቆየው ነው፤ ዛሬም ውድ በሆኑ ስፒከሮች ላይ ይገኛል። ቀላል ነው፣ ንዝረትንም በራሱ ያፍናል። ስለዚህ የሰው ድምፅ ለዛውን ሳያጣ ይወጣል። ድክመቱ እርጥበት መሳቡ ነው፤ ስለሆነም ብዙ ጊዜ ይቀባል።

ፕላስቲክ። የእንግሊዙ ቢቢሲ መሐንዲሶች በ1960ዎቹ የወረቀት ኮን አንዱ ከሌላው አልመሳሰል ቢላቸው ወደ ፕላስቲክ ዞሩ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ፖሊፕሮፒሊንን ሞከሩ። ከመመዘኛዎቻቸው አንዱ የሚያውቁት ሰው ንግግር እንደ ራሱ ሆኖ መሰማቱ ነበር። ፖሊፕሮፒሊን እርጥበት አይነካውም፣ ድምፁም ለስላሳ ነው፤ አንዳንዴ ግን ጥቃቅን ድምፆችን ያደበዝዛል።

የተሸመነ ጭረት። የጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት ኬቭላር ከዚህ ወገን ነው። ቦወርስ ኤንድ ዊልኪንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቢጫ የኬቭላር ኮኑ ለአሥርተ ዓመታት ታውቋል፤ በ2015 ግን ኮንቲኒየም ባለው ሌላ ሽመና መተካት ጀመረ።

ብረት። አሉሚኒየም ጠንካራ በመሆኑ ከበሮና ቤዝ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ሆኖም ከፍ ባለው የድምፅ ክልል እንደ ትሪው ያቃጭላል። ጥሩ ሠሪ ይህንን ክሮስኦቨር በሚባለው የድምፅ መለያ ያስወግደዋል። በሚገባ ካልተሠራ ግን «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጋሉ።

እንግዲህ የትኛውን ልግዛ ይሉ ይሆናል። ስሙን ብቻ አይግዙ። ሳጥኑና ክሮስኦቨሩ በደንብ ያልተሠሩበት ኬቭላር፣ በጥንቃቄ በተሠራ ወረቀት ይበለጣል። ከዋጋ ድርድሩ በፊት ይህን ያድርጉ፦

- በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን ይዘው ይሂዱ። ቤዝ ማሳደጊያው ይጥፋ።
- ድምፁን ቤትዎ በሚከፍቱት መጠን ያድርጉት። ጮክ ሲል ሁሉም ጥሩ ይመስላል።
- ቃሉ ይሰማል? መሲንቆው ሳያንቋርር፣ የክራሩ ክር ሲመታ ጥርት ብሎ ይወጣል?
- ዜናም ያስከፍቱ። ጆሯቸው ደከም ያለ እናት ወይም አባት ቤት ካሉ የሚጠቅማቸው ጩኸት ሳይሆን የጠራ ቃል ነው።

ቤት ያለው አሮጌ ስፒከር ቢያንጣጣ ወይም ቢነዝር ለመጣል አይቸኩሉ። በብዙዎቹ ላይ ቀድሞ የሚያረጀው ኮኑ ሳይሆን ዙሪያውን የያዘው የስፖንጅ ጠርዝ ነው፤ ከዓመታት በኋላ እንደ ፍርፋሪ ይረግፋል። ኮኑ ደህና ከሆነ ጠርዙን ብቻ ማስለወጥ ይቻላል፤ ወጪውም አዲስ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። አዲስ ሲገዙ ደግሞ የጎማ ጠርዝ ያለውን ቢመርጡ ዕድሜው ይረዝማል።

ከገዙ በኋላ ስፒከሩን ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚያርፍበት ቦታ ያርቁት፤ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ሳይሆን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያንሱ። ትንንሽ ልጆች ካሉዎት መሸፈኛው አይነሳ። ያቺ መሀሏ ጉብ ያለች ትንሿ ትዊተር የሕፃን ጣት ትጠራለች፤ አንዴ ከተሰረጎደች ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጿ መመለስ ከባድ ነው።