ፍልሰትና የሰውነት ክብደት፦ አንድ መስፈርት ለሁሉ ይበቃልን?

ወደ በለጸጉ አገሮች የሚገቡ ፍልሰተኞች ሲደርሱ ብዙውን ጊዜ ክብደታቸው ከአገሩ ተወላጆች ያነሰ ነው፤ የቆይታ ዘመናቸው ሲረዝም ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ረጅሙን ጉዞ የሚደፍረው በአብዛኛው ወጣቱና ጤነኛው መሆኑ ለመነሻው ልዩነት አንዱ ምክንያት ነው።

ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ ተመራማሪዎች ከሚመረምሯቸው ሰነዶች መካከል የወኅኒ ቤት መዝገቦች ይገኛሉ። የእስረኛው ቁመት፣ ክብደትና የትውልድ አገር የተጻፈው ለሳይንስ ሳይሆን ቢያመልጥ ለመለየት ነበር። መዝገቡ ስለ መላው ሕዝብ አይመሰክርም፤ ስለ ድሀው የሚመሰክር ሌላ ሰነድ ግን ብርቅ ነው። ክብደትም ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ያደገው ነጭ ከብዙ አውሮፓውያን ይረዝም ነበርና። ስለዚህ ክብደት በኪሎ ግራም፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ስኩዌር ይካፈላል። ሐሳቡ የቤልጅየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው።

የኑሮን ድርሻ ከዘር ውርስ ለመለየት ጃፓናውያን ጥሩ አብነት ናቸው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ጥናት በጃፓን፣ በሃዋይና በካሊፎርኒያ የሚኖሩ የአንድ ዘር ወንዶችን አነጻጸረ። አገራቸው የቀሩት ቀለሉ፤ የተሰደዱት ከበዱ። የልብ ሕመሙም ከጃፓን ወደ ሃዋይ፣ ከሃዋይ ወደ ካሊፎርኒያ እየጨመረ ሄደ።

ለእኛ የሚቀርበው ማስረጃ ከእስራኤል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን የገቡት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ የስኳር በሽታም ብዙም የማይታይባቸው ነበሩ። የእግር መንገዱና የእርሻው ድካም ቀረ፤ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ተተካ፤ በሽታውም ከዓመታት በኋላ ተስፋፋ። ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ግን በሽታው ያገኛቸው ወፍራሞቹን ብቻ አለመሆኑ ነው። በተለመደው ስሌት ክብደታቸው «ጤናማ» ከሚባሉት መካከልም ሕመሙ ከሌላው ነዋሪ ይልቅ በትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ በዝቶ ተገኝቷል።

እንግዲህ በአማካይ ክብደት ከተወላጆቹ ማነስ የጤና ዋስትና አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሐሳብ ለእስያ ሕዝቦች ከ25 ዝቅ ብሎ 23ን ተጨማሪ የጥንቃቄ ወሰን ያደረጉት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ቀጭን ትውልደ ኢትዮጵያዊ ፊቱ የተቀመጠ ሐኪምም የደም ስኳር ምርመራ ለማዘዝ ልኬቱ 25 እስኪሞላ ባይጠብቅ ይሻላል።