አረብሳት ላይ የቀረው ዲሽ

በጁገል ግቢዎች ዲሽ ስሰቅልና ሳወርድ ዓመታት አለፉ። ኢትዮሳት ከመጣ ወዲህ ደንበኞቼ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ 57 ዲግሪ አዞሩ። ሁለት ዲሽ የነበራቸው አሮጌውን አረብሳት ላይ እንደቆመ ትተውታል። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ አውርደህ ውሰደው፤ የወፍ ማረፊያ ሆነ» አሉኝ። ወስጄ ቤቴ ጣሪያ ላይ ተከልኩት፤ እንደ ድሮው ወደ 26 ዲግሪ።

ምክንያት አለኝ። ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም. የተተኮሰው የኳታር ሳተላይት ኢስሃይል 2 የቆመው እዚያው፣ ከአረብሳት ጎን ነው። ዋና ሥራው ቴሌቪዥን ቢሆንም ለአማተር ሬዲዮ ሰዎችም ክፍል ተገጥሞለታል። እነዚህ ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ በገዛ ማሰራጫቸው የሚነጋገሩ ናቸው። የመጀመሪያ ሳተላይታቸው ኦስካር 1 ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. ወጥታ በሞርስ ሰላምታ ብቻ ትልክ ነበር። ከእሷ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ዝቅ ብለው ስለሚበሩ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋሉ፤ ሰው ስሙንና አገሩን ተናግሮ ሳይጨርስ ይጠልቃሉ። ኦስካር 100 የሚሉት ይኸኛው ግን 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምድር እኩል ስለሚዞር አይንቀሳቀስም። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያለ ሰው ሁሉ ያገኘዋል።

ተናጋሪው በ2,400 ሜጋኸርዝ ወደ ላይ ይልካል፤ ሳተላይቱ በ10,489 መልሶ ያወርደዋል። ዲሹ ፊት የሚገጠመው ተራ የቴሌቪዥን መቀበያ፣ ኤልኤንቢ፣ ይህን ይሰማል፤ 9,750 ቀንሶ 739 አካባቢ ያቀብላል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ፣ ፍላሽ የምታህል ሬዲዮ ትበቃለች። ድምፅ ደርሶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት ተናጋሪው የራሱን ቃል ዘግይቶ ይሰማዋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ኤልኤንቢውን ስታግለው ሞገዱ ይንሸራተታል፤ የሰውየው ድምፅ አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይጎረንናል። እኔም እጄን ከማስተካከያው ላይ አላነሣም።

እስካሁን አድማጭ ብቻ ነኝ። ለመናገር ፈቃድና የጥሪ ስም ያስፈልጋል፤ የአገራችን ጥሪ በ«ኢቲ» ይጀምራል። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለው የክበብ ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» ይባላል።

እናንተም አረብሳት ላይ የቀረ ዲሽ ካላችሁ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ አትስጡት። ብሎኑን አጥብቁለት፤ አቅጣጫውን አልሳተም።