ተመልካች የማያየው የጊዜ ሰሌዳ



በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለዓመታት የታየው «ሰው ለሰው» ሲነሣ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ቀድሞ ይታወሰናል። በተከታታይ ድራማ አንድ ገጸ ባሕርይ ከአንድ ሰው መልክና ድምፅ ጋር ይዋሐዳል። የአመራሩም ፈተና ከዚህ ይመነጫል። ክፍሎች በየሳምንቱ እየተቀረጹ በሚተላለፉበት ሥራ፣ ተዋናይ ቢታመም ወይም ውሉ ቢያበቃ ደራሲው የታሪኩን አቅጣጫ በጥድፊያ ለመለወጥ ይገደዳል፤ ተመልካችም ድካሙን ሳያውቅ «ታሪኩ ላላ» ይላል።

መፍትሔው፣ በእኔ እምነት፣ ከሥርጭቱ በፊት በርካታ ክፍሎችን ቀርጾ ማቆየትና በምዕራፎች መካከል ማረፍ ነው። የጣና ቀዛፊ ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ታንኳውን ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቃል፤ ይህን ስንፍና የሚለው የለም። ለድራማ ሠሪዎችም ይኸው ዕረፍት በውላቸው ሊጻፍላቸው ይገባል።