ምሕረቱን ማን ከፈለው? በአጥቢያ የኪራይ ቤቶች ስለሚከማች ውዝፍ

በብዙ አጥቢያዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዳር ተርታ ይዘው የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ይታያሉ። አንዳንዶቹ ለገቢ ማስገኛ ታስበው በምእመናን መዋጮ የቆሙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ወራሽ ያልነበራቸው አንድ አባት ወይም እናት ለአጥቢያው የተናዘዟቸው ቤቶች ናቸው። በአሶሳና በአካባቢዋ ከተሞች እንዲህ ባሉ ክፍሎች የሚኖረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለጸጋ አይደለም። በቀን ሥራ የሚያድር፣ በጉልት የምትቸረችር፣ ከጡረታ በቀር ሌላ ገቢ የሌለው፣ ወይም ከ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በካማሺ፣ ቀጥሎም በመተከል ዞን በተነሣው ግጭት ከቀዬው ተፈናቅሎ ኑሮን እንደ አዲስ የጀመረ ነው። ኪራዩ ከገበያው ዋጋ ዝቅ እንዲል የሚደረገውም ይህ ታስቦ ነው። ከዚያው ኪራይ ግን የካህናቱ ደመወዝ፣ የዕጣኑና የጧፉ ወጪ፣ የጥበቃው አበል ይሸፈናል።

ስለዚህ አንድ ተከራይ ሦስት ወር ሳይከፍል ሲቀር በሰበካ ጉባኤው ፊት የሚቆመው አንድ ችግረኛ ብቻ አይደለም። አንዱ ኪራይ ያጣው ቤተሰብ ነው፤ ሌላው ደመወዙ የዘገየበት ዲያቆን ነው። እኛ እንደምናየው አጥቢያዎቻችን በዚህ ነገር የሚሳሳቱት በጭካኔ አይደለም፤ በዝምታ ነው። ኮሚቴው «ድሃ ናት፣ እንተዋት» ብሎ ስምንት ወር ዝም ይላል። በዘጠነኛው ወር የደመወዝ መክፈያ ሲጠፋ፣ ወይም አዲስ ሒሳብ ሹም ተመርጦ መዝገቡን ሲያገላብጥ፣ ያው ኮሚቴ በአንድ ጊዜ «ክፈይ ወይም ልቀቂ» ይላል። በመጀመሪያው ወር ቢነገራት በጥቂት በጥቂቱ ልትከፍለው ትችል የነበረው ዕዳ አሁን ከዓመት ገቢዋ የሚወዳደር ሆኗል። በዝምታ የተሰጠው ምሕረትም ምሕረት አልነበረም፤ የዘገየ ፍርድ ነበር።

ዝም የተባለ ኪራይ ወዴት እንደሚያደርስ ሀገራችን በሰፊው አይታዋለች። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ቤተ ክርስቲያናችንም በከተማ የነበሯትን የኪራይ ቤቶች በዚያን ጊዜ አጥታለች፤ ከፊሉ የተመለሰላት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። አዋጁ በወር እስከ 300 ብር ይከፍሉ ለነበሩ ተከራዮች ኪራዩን ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰላቸው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ይህ ለድሃው ታላቅ እፎይታ እንደ ነበር መካድ አይገባም፤ ዛሬም በየከተማው መሀል ችግረኛ መኖር የቻለው በቀበሌ ቤት ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ኪራይ በዚያው መጠን ለዐሥርት ዓመታት ቆየ። የአንድ ክፍል ኪራይ በወር ጥቂት ብር ብቻ ሲሆን ያልከፈለውን ለመጠየቅ የሚጠፋው ጊዜ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ይበልጣል። ስለዚህ ጠያቂ ጠፋ። ኪራይ ያልሰበሰበ ቀበሌ ቆርቆሮ የሚቀይርበት ገንዘብ አላገኘም፤ ጣሪያው የሚያፈስበት ተከራይም «ምን አድርጋችሁልኝ ልክፈል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ግድግዳውን ግን አላዳነውም። ኪራዩን ለድሃው ዝቅ ማድረግና ኪራዩን መርሳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

በሌላ በኩል እፎይታ በይፋና በልክ ሲሰጥ ምን እንደሚመስል በ2012 ዓ.ም. አይተናል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሚያዝያን ወር ኪራይ ለተከራዮቹ በግማሽ ቀነሰ፤ በዚያው ሰሞን የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብም አከራዮች ተከራይን እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ከለከለ። እፎይታው ምክንያት ነበረው፤ መጠኑና ጊዜውም ታውቆ ነበር። ተከራዩ የተማረለት ምን ያህል እንደሆነ፣ የቀረበትም ምን ያህል እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ወደ አጥቢያችን ስንመለስ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት የማይከፍለውና መክፈል ያልቻለው ሰው ነው። ይህን ለመለየት ደግሞ ቤቱ ድረስ መሄድ እንጂ መዝገብ ማየት አይበቃም። በአሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በነዚያ ወራት የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ የቀን ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይውላል፣ ወርቅ በባህላዊ መንገድ የሚያጥበውም ሰው ሥራው ይስተጓጎልበታል። በማንጎ የምትነግድ ሴት ገንዘብ የምታገኘው ወቅቱ ሲደርስ ነው። መስከረም ሲጠባ የልጆች ደብተርና የበዓል ወጪ አንድ ላይ ይመጣሉ። እንዲህ ያለው ተከራይ በየወሩ እኩል መክፈል አይችልም፤ በዓመቱ ውስጥ ግን ሙሉውን መክፈል ይችል ይሆናል። ለእርሱ የሚስማማው ውል በበጋ ከፍ፣ በክረምት ዝቅ የሚል ክፍያ ያለው ውል ነው። ይህን አስቀድሞ በውል ላይ መጻፍ የሐምሌን ውዝፍ ከመወለዱ በፊት ያስቀረዋል።

ታሞ የተኛው፣ ባሏ የሞተባት፣ ጡረታው የተቋረጠበት ሰው ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እዚህ ላይ የክፍያ ጊዜ ማሸጋሸግ ብቻ አይጠቅምም። ሦስተኛው ደግሞ እየቻለ የማይከፍለው ነው። ስለ እርሱ በግልጽ እንነጋገር፦ ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ከድሆቹ መካከል አይደለም። ክፍሉን ለሱቅ የያዘ ነጋዴ፣ ወይም የኮሚቴ አባል ዘመድ፣ አንዳንዴም ራሱ የኮሚቴ አባል ነው። ድሃዋ ተከራይ የእርሱን ዝም መባል ታያለች። የኮሚቴ አባልም ሆነ ዘመዱ ተከራይ ከሆነ ስለ ቤቱ በሚወሰንበት ጊዜ ከስብሰባው ወጥቶ እንዲቆይ፣ ይህም በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ አጥብቀን እንመክራለን።

ቤቱ ድረስ የሚሄደውስ ማን ይሁን? በ1865 እ.ኤ.አ. ኦክታቪያ ሂል የተባለች እንግሊዛዊት ጆን ረስኪን በሰጣት ገንዘብ በለንደን ጥቂት የተጎሳቆሉ ቤቶችን ይዛ ለድሆች ማከራየት ጀመረች። ሥራዋ ያረፈው በአንድ ቀላል ነገር ላይ ነበር፤ ኪራዩን በየሳምንቱ እርሷ ራሷና ያሠለጠነቻቸው ሴቶች በየቤቱ እየዞሩ ይሰበስቡ ነበር። ውዝፍን አትታገሥም ነበር፤ አንዳንዶችም ጨከነች ብለዋታል። ነገር ግን ሰብሳቢዋ በየሳምንቱ ቤቱን ስለምታይ የተሰበረው መስኮት፣ የታመመው ልጅ፣ ሥራ ያጣው አባት በጊዜ ይታወቁ ነበር። ከኪራዩ የተረፈው ለጥገና ይውላል፤ ቀለም የመቀባትና የማጽዳትን ዓይነት ሥራ ደግሞ ሥራ ለሚፈቱ ተከራዮች ታቆይላቸው ነበር። የእርሷ ዘመን የእኛ አይደለም፤ በተከራዮቿ ላይ የነበራት የሞግዚትነት መንፈስም አይጠቅመንም። ይህ የመጨረሻው ልማዷ ግን ለአሶሳ ክረምት የተሠራ ይመስላል። የአጥቢያው አጥር መጠገን፣ የቦይ መቆፈር፣ የግድግዳ ምርጊት ሥራ ካለ በቀን ሥራ ለሚያድረው ተከራይ በተለመደው የቀን ዋጋ ሰጥቶ ከዕዳው ላይ መቀነስ ይቻላል፤ ሙሉ ክፍያውን ለዕዳ መያዝ ግን አይገባም፤ ቤተሰቡ በዚያ ቀንም መብላት አለበት።

ሰብሳቢው ካህን እንዳይሆን በብርቱ እናሳስባለን። የንስሐ አባት የኪራይ ጠያቂ ከሆነ፣ ዕዳ ያለባት ሴት ከዕዳዋ ጋር ንስሐዋንም ትሸሻለች። ኪራይ ያልከፈለ ሰው ቅዳሴ መምጣት ይተዋል፤ ከቅጥሩ ዳር እየኖረ በሌላ ደብር ያስቀድሳል፣ ወይም ፈጽሞ ይቀራል። ይህ በሒሳብ መዝገብ የማይታይ ኪሳራ ነው። በተለይ የባለዕዳዎች ስም በዐውደ ምሕረት ሊነበብ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ ሊለጠፍ አይገባም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 አበዳሪው መያዣ ለመቀበል ወደ ተበዳሪው ቤት ዘልቆ እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዝዛል። የባለዕዳው ደጃፍ ክብሩ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ ከሒሳብ ክፍል ተመድበው ክፍያው ካለፈ በመጀመሪያው ሳምንት ይሂዱ፤ ጎረቤት በማይሰማበት ድምፅ ይናገሩ። ተከራዩ ሙስሊም ከሆነም አቀራረቡና ውሉ አንድ ይሁን፤ በአሶሳ እንደ ጎረቤት የምንኖረው እንዲሁ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሚጻፈውም ተከራዩ እችላለሁ ያለው እንጂ ኮሚቴው የተመኘው መጠን አይደለም። ለምሳሌ ወርኃዊ ኪራዩ 600 ብር የሆነ ሰው የአራት ወር ውዝፍ ቢኖርበት ዕዳው 2,400 ብር ነው። በሁለት ወር ይክፈል ቢባል በየወሩ 1,800 ብር ማግኘት ይኖርበታል፤ በ600 ብር የወደቀ ሰው በ1,800 ብር አይነሣም። ከመደበኛው ኪራይ ጋር 200 ብር ቢጨምር ግን ዕዳው በ12 ወር ያልቃል። ረጅም ይመስላል፤ የሚፈጸም ግን ይህ ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ሲሆን በአጥቢያው ስም በተከፈተ ሒሳብ እንጂ በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ አይሁን። በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይም የተከፈለው የየትኛው ወር ኪራይ እንደሆነ ይጻፍ፤ የብዙ ጠብ መነሻ «ያ የጥር ነው፣ ያ የየካቲት ነው» የሚለው ክርክር ነው። ጳጉሜን ይታሰባል ወይስ አይታሰብም የሚለውም በውሉ ላይ ይታወቅ፤ ስለ አምስት ቀን ዓመቱን ሙሉ የሚኳረፉ አሉ።

አሁን ወደ ርእሳችን ጥያቄ እንመጣለን። ከላይ የጠቀስናት ባሏ የሞተባት ሴት በእርግጥ መክፈል አትችልም እንበል። ኮሚቴው ኪራዩን ቢሰርዝላት መልካም ሥራ ሠራ፤ ነገር ግን የሰረዘው ገንዘብ ከየት ወጣ? መልሱ ካልተጻፈ፣ የወጣው ከዲያቆኑ ደመወዝ ነው። እርሱም ሳይጠየቅ መጽዋች ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ምጽዋትንና ኪራይን በመዝገብ መለየት ያስፈልጋል። ከሙዳየ ምጽዋት ገቢ ወይም ከበዓላት ስጦታ ጥቂቱ ለኪራይ ድጋፍ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሰበካ ጉባኤው ለእገሊት የሦስት ወር ኪራይ ከዚህ ይከፈል ብሎ በቃለ ጉባኤ ይወስን፤ ገንዘቡ ወደ ኪራይ ገቢ ይግባ፤ ደረሰኝም በስሟ ይቆረጥ። እርሷ ባለዕዳ አትሆንም፤ ዲያቆኑም ደመወዙን ያገኛል፤ ጉባኤውም በዓመቱ መጨረሻ ስንት እንደ መጸወተ ያውቃል። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። ገንዘቡ ካነሰም ለማን እንደሚቅደም መወሰን ከባድ ነው፤ ግን ያ ክብደት በጉባኤው ትከሻ ላይ መዋል እንጂ በዝምታ ወደ አንድ ዲያቆን ቤት መተላለፍ የለበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይከፍል ሲኖር ወደ ሕግ መሄድ ኃጢአት አይደለም። በራስ ሥልጣን በር ማሸግ፣ ውኃና መብራት መቁረጥ፣ ቆርቆሮ ማንሣት ግን ሕገ ወጥ ነው፤ ተከራዩ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ቢከስ አጥቢያው ተረቺ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኪራይ ላልከፈለ ተከራይ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይፈልጋል፤ ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ ካነሰም 15 ቀን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ደንግጓል። አዋጁ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ውል ከማደሳችሁ በፊት የከተማችሁን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። አንዳንዱ ተከራይ ከነዕዳው በሌሊት ይሄዳል፤ ቁልፉን በጎረቤት ወይም በመስኮቱ ላይ ትቶ። ጥሎት የሄደው ዕቃ ካለ በሁለት ምስክሮች ፊት ተቆጥሮ ይቀመጥ እንጂ በዕዳው አይሸጥ፤ የሚፈልገው ፍርድ ቤት ይጠይቅ። በመዝገቡም ላይ «ጠፍቷል» ብላችሁ ብቻ አትዝጉት። ለመጨረሻ ጊዜ ማን እንዳነጋገረው፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ጻፉ። ማንም ያላነጋገረው ሆኖ ከተገኘም ያንኑ ጻፉ።