የገበሬው ፈቃድ ለዱር አራዊት ጥበቃ

ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ ሲነገር አስቀድሞ በሐሳብዎ የሚመጣው የፓርክ ወሰን፣ ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛና የቅጣት ሕግ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን አውሬ የፓርክ ወሰን አያውቅም። በሀቢቾ፣ በሆሳዕና ዙሪያና በከምባታ የሚኖር ገበሬ ከእንሰቱ ሥር ፍልፈልና ጃርት፣ ከማሳው ዳር ጦጣና ከርከሮ ያገኛል። እንግዲህ ባለማሳው ካልፈቀደ የአውሬው ዕድሜ አጭር ነው።

መቸም እውነቱን መናገር ይገባል። እንሰት በአንድ ክረምት የሚደርስ ተክል አይደለም፤ ቆጮ ለመሆን ዓመታት ይፈጅበታል። ጃርት በአንዲት ሌሊት ቆርጦ የሚጥለው የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ድካም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «አውሬ የአገር ሀብት ነው» ብሎ መምከር ብቻውን ከንቱ ነው። ሀብቱ የአገር፣ ጉዳቱ ግን የእሱ ብቻ የሆነበት ሰው እንዴት ይስማማል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡ ገበሬዎች በአገራችን አሉ። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ሕዝቡ የጓሳን ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚፈልገው ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ደንብ ሠርቶ፣ ቦታውን ለዓመታት እየዘጋ ሲጠብቀው ኖረ። ደንቡ በአባት ርስት ላይ የቆመ ነበርና በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ፈረሰ። ሆኖም ገበሬዎቹ ጉዳቱን አይተው እንደገና በኮሚቴ ተደራጁ። ሣሩን ሲጠብቁም በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አብረው ተጠበቁ።

ወደ ሀቢቾ ቀረብ ያለ ምሳሌም ከወላይታ ይገኛል። በሁምቦ ወረዳ በ7 ማኅበራት የተደራጁ ገበሬዎች 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ከለከሉ። ከመሬት ውስጥ በሕይወት የቆየው ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ደካማውን ቅርንጫፍ እየመለመሉ ደኑን አስነሡ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት መዝገብ ገባ፤ ዛፎቹ ከአየር ለሚስቡት ካርቦንም ማኅበራቱ ገንዘብ አገኙ። ሣሩን አጭደው ለከብቶቻቸው ይወስዳሉ፤ ጥላ ባገኘው ተራራ ላይም አውሬና ወፍ መጠጊያ አገኘ።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ገበሬ አውሬን የሚጠብቀው ጥቅሙም ደንቡም በእጁ ሲሆን ነው።

በሀቢቾ አካባቢም መንገዱ ይህ ነው። በወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ ብቻ ከመትከል ዋንዛና ብሳና ቢቀላቀልበት፣ ቀፎ ቢሰቀልበት፣ ማርና ጥላ ይሰጣል፤ ለጉሬዛና ለወፍ ማደሪያ ይሆናል። እንሰቱን ከጃርት ለመጠበቅ ጎረቤት በተራ ቢያድር የአንዱ ሸክም ይቀላል። ለጅብ ተብሎ በጥንብ ላይ መርዝ ማድረግ ግን ይቅር፤ ጥንብ አንሣው ሲያልቅ መንደሩ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል የጽዳት ሠራተኛ ያጣልና።

የእርስዎስ ድርሻ ምንድን ነው? ተማሪ ከሆኑ ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰብዎ ሲመለሱ የሽማግሌዎቹን ደንብ ይጠይቁ፤ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ጽፈው አንብቡላቸው ቢባሉ እምቢ አይበሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑም «አውሬ እንሰቴን ፈጀብኝ» ብሎ ለሚመጣው ገበሬ «ነገ ተመለስ» አይበሉት። አቤቱታው በመዝገብ ይግባ፣ የግብርና ባለሙያው ማሳውን ይይ። ተመላልሶ የሰለቸ ሰው ዛሬ ማታ መርዝ ይገዛል፤ የተሰማ ሰው ግን ለነገ ይታገሣል። የአንድ ድኩላ ወይም የአንድ ጉሬዛ ሕይወት በዚያች ጠረጴዛ ላይ የሚወሰንበት ቀን ጥቂት አይደለም።