ጥያቄ የመሰለ ትእዛዝ፦ ስለ ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ



ባለፈው ሴሚስተር ለጀመዓችን የጥያቄ ማስገቢያ ገጽ ሠርተን ነበር። ተማሪው ስሙን ሳይጠቅስ ጥያቄውን ይጽፋል፤ ኃላፊዎቹ በይለፍ ቃል ገብተው ያነቡና ለኡስታዙ ያደርሳሉ። ገጹ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከመካከላችን አንዱ በጥያቄው ቦታ አንዲት አጭር የጃቫስክሪፕት መስመር ጽፎ ላከ። በኃላፊዎቹ ገጽ ስንከፍተው ጽሑፉ አልታየንም፤ ኮዱ ሠርቶ የማስጠንቀቂያ መስኮት ብቅ አለ። ያ ኮድ መስኮት በመክፈት ፈንታ ሌላ ነገር ቢያዝ ኖሮ፣ ሰው ለእናቱ እንኳ ያልነገረውን ጥያቄ ሁሉ ሰብስቦ ለማናውቀው ሰው ይልክ ነበር።

ይህ ክፍተት ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ፣ ባጭሩ ኤክስኤስኤስ ይባላል።

ከደርስ በኋላ የጥያቄ ወረቀት ሲሰበሰብ እናስብ። አንዱ «መብራቱን አጥፉ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ያነበዋል እንጂ ተነስቶ መብራት አያጠፋም። ብሮውዘር ግን ይህን አይለይም። በገጹ ውስጥ የደረሰው ሁሉ ከገጹ ባለቤት የመጣ ይመስለዋል፤ በ«<» እና በ«>» መካከል የስክሪፕት ትእዛዝ ካገኘ ይፈጽመዋል። ስለዚህ የአጥቂው ኮድ በከፈተው ሰው ስም ይሠራል፦ መልእክት ያነባል፣ የመግቢያ ኩኪ ይሰርቃል፣ የሐሰት የይለፍ ቃል መጠየቂያ ያሳያል።

መንገዱ ሦስት ነው። አንዱ እንደኛው ገጽ ኮዱ ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጦ የከፈተውን ሁሉ ይጠብቃል። ሁለተኛው በሊንክ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፤ ሰው ሲጫነው ሰርቨሩ ያንኑ መልሶ ገጹ ላይ ያወጣዋል። ሦስተኛው ሰርቨሩን ሳይነካ፣ የገጹ የራሱ ጃቫስክሪፕት ያልተጠራ ጽሑፍ ገጹ ላይ ሲያስገባ ይከሰታል።

«መጥፎ ቃላትን ከልክለን እናጥፋው» የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። የማይስፔስ ታሪክ ግን ይህ እንደማይበቃ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 የ19 ዓመቱ ሳሚ ካምካር ፕሮፋይሉ ላይ ኮድ አስቀመጠ። ማይስፔስ «ጃቫስክሪፕት» የሚለውን ቃል ይሰርዝ ነበር፤ እሱ ግን ቃሉን ለሁለት ከፍሎ በሁለት መስመር ጻፈው። ማጣሪያው አለፈው፤ አንዳንድ ብሮውዘሮች ግን ገጥመው አነበቡት። ፕሮፋይሉን ያየ ሁሉ ሳያውቅ ሳሚን ጓደኛ ያደርጋል፣ ኮዱም ወደ ራሱ ገጽ ይገለበጣል። በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጋ ደረሰ።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ሰው የጻፈውን ገጹ ላይ ስናወጣ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ ነው። «<» የምትለዋ ምልክት ለዓይን እንድትታይ እንጂ ትእዛዝ እንዳትጀምር ተደርጋ ትለወጣለች። ሪአክት፣ ጃንጎና የላራቬል ብሌድ ይህን በራሳቸው ያደርጉታል። አደጋው እኛው ስናጠፋው ነው። የእኛም ስህተት ይኸው ነበር፦ የጥያቄው አንቀጾች እንዳይዘበራረቁ ብለን ጽሑፉን በኢነርኤችቲኤምኤል አስገባነው። በቴክስትኮንተንት ቀየርነው፤ አንቀጹን ለመጠበቅ አንዲት የሲኤስኤስ መስመር በቃችን።

ሁለተኛ፣ ተጠቃሚው ደማቅ ጽሑፍና ሊንክ እንዲጠቀም የግድ ካስፈለገ፣ እንደ ዶምፒዩሪፋይ ባለ የታወቀ ማጽጃ ማሳለፍ ነው። ራሳችን የምንጽፈው ማጣሪያ እንደ ማይስፔስ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የመግቢያ ኩኪን ኤችቲቲፒኦንሊ ማድረግ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ሊያነበው አይችልም። በተጨማሪም በኮንተንት ሰኪዩሪቲ ፖሊሲ የትኞቹ ስክሪፕቶች እንዲሠሩ እንደተፈቀደ ለብሮውዘሩ መንገር ይቻላል። እነዚህ ግን ሁለተኛ አጥር ናቸው፤ የመጀመሪያውን አይተኩም።

በራሳችሁ ፕሮጀክት ዛሬውኑ ሞክሩት። ያለ ፈቃድ በሌላ ሰው ገጽ ላይ ግን አይሆንም። ሳሚ «ለጨዋታ ነው» ቢልም ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛነቱን አምኗል።

ሰው ስሙን ደብቆ የጻፈልን ጥያቄ አማና ነው። ኮዱን የምንጽፍ እኛ ስለሆንን፣ ጠባቂዎቹም እኛው ነን።