የስርዓተ ክወና ማሻሻያ፡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጥንቃቄ የሚሻ ተግባር

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ማህደር፣ የሒሳብ ሰነድና የደብዳቤ ልውውጣቸውን በኮምፒውተር መያዝ ከጀመሩ ወዲህ የስርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ጉዳይ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው መሆኑ ቀርቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማቋረጡ ደግሞ አሮጌውን ስርዓት በአዲስ የመተካቱን ሥራ የኃላፊዎች ውሳኔ የሚጠይቅ አድርጎታል።

ስርዓተ ክወና የኮምፒውተሩን አካላትና በላዩ የተጫኑትን ሶፍትዌሮች የሚያስተባብር መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። መሠረቱ ሲለወጥ በላዩ ያረፈው ሁሉ መነካቱ አይቀርም። አምራቹ አዲሱን ስርዓት ከማሰራጨቱ በፊት ቢፈትሸውም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በየራሱ ያደረገውን ማስተካከያ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ከአደጋው አብዛኛው የሚመነጨውም ከዚህ ክፍተት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ማይክሮሶፍት መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም ያሰራጨው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ነው። ኩባንያው ማሻሻያውን ባሰራጨ በአራተኛው ቀን ለማቆም ተገዷል። ምክንያቱም የአንዳንድ ተጠቃሚዎች ፋይሎች ከኮምፒውተራቸው መጥፋታቸው ነበር። በምርመራው እንደተረጋገጠው ጉዳቱ ከደረሰባቸው መካከል የሰነድና የፎቶግራፍ ፎልደሮቻቸውን ከመጀመሪያው ቦታ ወደ ሌላ ያዛወሩ ይገኙበታል። ማሻሻያው ትርፍ የሆኑ ባዶ ፎልደሮችን ለማስወገድ ታስቦ የተዘጋጀ ቢሆንም በቀድሞው ቦታ የቀሩ ፋይሎችን ጭምር ሰርዟል። ስህተቱ ታርሞ ማሻሻያው ዳግም የተሰራጨው ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም ነበር። ፎልደር ማዛወር በስርዓቱ የተፈቀደ ተራ ማስተካከያ ሆኖ ሳለ ለዚህ ጉዳት ምክንያት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በአገልጋይ ኮምፒውተሮች (ሰርቨሮች) ላይ በስፋት የሚሠራበት ዴቢያን የተሰኘው የሊኑክስ ስርዓትም ከዚህ ችግር የራቀ አይደለም። የአንድ የሶፍትዌር ጥቅል (ፓኬጅ) የማስተካከያ ፋይል በባለሙያ ተለውጦ ከሆነና አዲሱ ጥቅልም የተለወጠ ፋይል ይዞ ከመጣ፣ ስርዓቱ የትኛው ይጽና ሲል ይጠይቃል። ነባሩ ከጸና ከአዲሱ ሶፍትዌር ጋር ላይጣጣም ይችላል፤ አዲሱ ከተተካ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያደረገው ማስተካከያ ከሥራ ውጪ ይሆናል። ለውጡን ማን፣ መቼና ለምን እንዳደረገው በጽሑፍ ካልሰፈረ መልሱ በግምት የሚሰጥ ይሆናል። ከዴቢያን ውጪ ከሆኑ ምንጮች የተጫኑ ጥቅሎችም የማሻሻያውን ሂደት ሊያሰናክሉ ይችላሉ። በተጨማሪም ከዴቢያን 11 ተነስቶ 12ን በመዝለል በቀጥታ ወደ 13 መሸጋገር ድጋፍ የማይሰጠው አካሄድ ነው።

በአማርኛ ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ጉዳይም ትኩረት ያሻዋል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተሰኘው የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ለብቻው የሚጨመር አማራጭ ሆኗል። በመሆኑም በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ቅርጹ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት በሌላ ቅርጽ ይተካና የመስመርና የገጽ አከፋፈሉ ሊዛባ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ማሻሻያን መተው መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር በበርካታ አገሮች ሲዛመት በእንግሊዝ ከሲሶ በላይ የሚሆኑ የመንግሥት የጤና አገልግሎት ተቋማትን ሥራ አስተጓጉሏል። ጎጂው ሶፍትዌር የተጠቀመበትን ክፍተት የሚደፍነው ማስተካከያ የወጣው ግን ከጥቃቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነበር።

ስለሆነም ከማሻሻያው በፊት ሊከናወኑ የሚገባቸው ተግባራት አሉ። በመጀመሪያ በየኮምፒውተሩ የተጫኑ ሶፍትዌሮችና የተደረጉ ማስተካከያዎች ተመዝግበው ሊያዙ ይገባል። በሁለተኛ ደረጃ የመረጃዎች መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ቦታ መቀመጥ፣ ቅጂው በትክክል የሚመለስ መሆኑም በተግባር መፈተሽ ይኖርበታል። ቀጥሎም ማሻሻያው በጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ሲታወቅ ወደ ሌሎቹ ቢሸጋገር ይመረጣል። የበጀት ዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋበት የሰኔ ወር ለዚህ ሥራ የሚመች አይደለም። ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 ያሻሻለ ተጠቃሚ ወደ ነበረበት የሚመለስበት ጊዜ በመደበኛው አሠራር 10 ቀን ብቻ በመሆኑ ፍተሻው በእነዚህ ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት።

ከእነዚህ ተግባራት ውስጥ ብዙ ወጪ የማይጠይቀው ምዝገባው ነው። ማስተካከያውን ያደረገው ባለሙያ በዝውውር ወይም በጡረታ ሲለይ እውቀቱ አብሮት የሚሄድ ከሆነ ቀጣዩ ማሻሻያ ለመሥሪያ ቤቱም ሆነ ለተገልጋዩ ሕዝብ መረጃ ስጋት መሆኑ አይቀርም። ኃላፊዎችም ማሻሻያ ከመፍቀዳቸው በፊት መዝገቡና የተፈተሸው መጠባበቂያ ቅጂ እንዲቀርብላቸው ሊጠይቁ ይገባል።